የጀልባ ሞተር ሲቆራረጥና ሲታፈን፦ በእጅ ስለሚቀላቀል ቤንዚን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጣና ሐይቅ ላይ ከባሕር ዳር እስከ ዘጌና ጎርጎራ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ጀልባ የሚነዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ተነስተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ዘይቱን ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ለምን ያስፈልጋል? እንደ መኪና ለብቻው አይሞላም?

ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ከሥሩ ዘይት የሚጠራቀምበት ኮፓ የለውም። ቤንዚኑ ከካርቡሬተር ወጥቶ ወደ ሲሊንደሩ ከመግባቱ በፊት በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያልፋል፤ በዚያ ሲያልፍ ኩሽኔታውን፣ ቢየላውንና ፒስተኑን የሚያለሰልሰው አብሮት የተቀላቀለው ዘይት ነው። በመጨረሻም ሁለቱ አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ጄሪካኑ ላይ የሚሠራ ስህተት በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ዘይት ሲያንስ ብረቱ ይበላል፣ ሲበዛ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው) ይቆሽሽና ሞተሩ ይቆራረጣል።

ሞተርዎ የዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ባለ አራት ስትሮክ ነውና ቤንዚኑ ውስጥ ምንም አይጨምሩ። አንዳንድ ባለ ሁለት ስትሮክ ሞተሮች ደግሞ የራሳቸው የዘይት ጋን አላቸው፤ እነሱም በጄሪካን አይቀላቀልላቸውም።

ለ20 ሊትር ጄሪካን ስንት ዘይት ይገባል?

በብዛት የሚሠራው 50 ለ 1 ነው፤ ይህም ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ሊትር 200፣ ለ5 ሊትር 100 ማለት ነው። 100 ለ 1 የተፈቀደላቸው ሞተሮች አሉ፤ ለእነሱ ለ20 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ይበቃል። አዲስ ወይም ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የተቀየረ ሞተር ግን ለመጀመሪያዎቹ 10 ሰዓታት ያህል በ25 ለ 1፣ ማለትም ለ20 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር ተቀላቅሎለት ይለማመዳል። ከሁሉም በላይ የሚታመነው የራሱ የሞተሩ መመሪያ የሚለው ቁጥር ነው።

ስህተቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአለካክ ነው። ቢጫው ጄሪካን እስከ አፉ ሲሞላ ከ20 ሊትር ያልፋል፤ ስለዚህ ማመን ያለብዎት ማደያው ላይ የተቆጠረውን ሊትር እንጂ የጄሪካኑን መጠሪያ አይደለም። ለዘይቱም በዓይን ከመገመት የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ወስደው በሕክምና መርፌ ወይም በመድኃኒት መለኪያ እየለኩ 100፣ 200፣ 300 እና 400 ላይ በምስማር ጫር ጫር ያድርጉበት። ይህ አንድ ፕላስቲክ ጀልባው ውስጥ ካለ ማንም ቢቀላቅል ልኩ አይለያይም። ጀልባውን ሁለት ሦስት ሰው በፈረቃ የሚነዳው ከሆነ ግን ሌላም ነገር ያስፈልጋል፦ ዘይት የገባበትን ጄሪካን በጨርቅ አስረው ምልክት ያድርጉበት። አንዱ ጨምሮ ሌላው ሳያውቅ ከደገመ ወይም «እሱ ጨምሮበታል» ብሎ ከተወው የሚጎዳው ሞተሩ ነው።

የመኪና ወይም የባጃጅ ሞተር ዘይት ብጠቀም ምን ይሆናል?

ሞተሩ ይነሳል፣ ይሄዳልም፤ ጉዳቱ ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። የመኪና ዘይት እንዲቃጠል ተብሎ አልተሠራም። ውስጡ ያለው ቆሻሻ አጣቢ ንጥረ ነገር ብረት ስላለበት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ ካንዴላው ጫፍ ላይ ተጋግሮ ብልጭታው የሚዘልበትን ክፍተት ይደፍነዋል፣ ፒስተኑ አናት ላይም ፍም ሆኖ ቤንዚኑን ከጊዜው በፊት ያቀጣጥለዋል። ከዚህም ሌላ ወፍራም ስለሆነ ከቤንዚን ጋር ቶሎ አይዋሃድም።

የሚፈለገው በጣሳው ላይ ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል የተጻፈበት የጀልባ ሞተር ዘይት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይገባበታል፤ የተቀላቀለውን ካልተቀላቀለው ለመለየት ይህ ቀለም ይረዳል። የባለ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሳይክል ዘይት ከመኪናው ይሻላል፤ ነገር ግን በሐይቅ ውሃ ለሚቀዘቅዝና ለረጅም ሰዓት በሙሉ ጋዝ ለሚሄድ ሞተር የተሰናዳ አይደለም፤ ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ለአንድ ጉዞ ካልሆነ በቀር አንመክረውም።

አቀላቀሉ ቅደም ተከተል አለው?

አለው። መጀመሪያ ግማሹን ቤንዚን ይጨምሩ፣ ከዚያ የተለካውን ዘይት፣ ጄሪካኑን ዘግተው አንድ ደቂቃ ያህል በደንብ ይናጡት፣ ቀሪውን ቤንዚን ጨምረው እንደገና ይናጡት። ዘይቱ ቀድሞ ባዶ ጄሪካን ውስጥ ከገባ ታች ተጣብቆ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ሙሉ ጄሪካን ላይ ከተጨመረ ደግሞ የሚናጥበት ቦታ አያገኝም። ያደረ ድብልቅ ከሆነም ከመሞላቱ በፊት ይነቅነቅ።

ሥራውን ከጀልባው ወርደው፣ ጄሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው ይሥሩ። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ ይቆያል። ለምግብ ዘይት ያገለገለ ጄሪካን በሳሙና ቢታጠብም ቅባቱ ግድግዳው ላይ ስለሚቀር ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ቤንዚኑ ውሃ ወይም ላምባ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ሲገዛ ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ሁለት ፈተና አለ፤ ሁለቱም ዘይት ከመጨመሩ በፊት መሠራት አለባቸው።

ለውሃ፦ ግማሽ ሊትር ያህል ውስጡ በሚያሳይ የውሃ ፕላስቲክ ቀድተው ሩብ ሰዓት ሳይነካ ያስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል፤ ፕላስቲኩን ዘንበል ሲያደርጉት እንደ ብርጭቆ ፍሬ የሚንከባለል ጠብታ ወይም ጥርት ያለ መስመር ይታያል። ለላምባና ለናፍጣ፦ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ጣል አድርገው ጥላ ውስጥ ይተዉት። ንጹሕ ቤንዚን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተናል፣ የቅባት ምልክትም አይተውም። ላምባ ያለበት ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃን ሲያነሱት የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይተዋል፤ በጣትም ሲነካ ያሟልጫል።

ውሃ ያለበት ቤንዚን ሞተሩን በድንገት ያጠፋዋል፣ ተመልሶ ይነሳል፣ እንደገና ይጠፋል፤ መቆራረጡ ሥርዓት የለውም። ላምባ ያለበት ደግሞ ጠዋት አልነሳም ይላል፣ ጭስ ያበዛል፣ ከሞቀ በኋላ በሙሉ ጋዝ እንደ ጠጠር መንኳኳት ይሰማበታል። ይህ መንኳኳት ፒስተን ይበሳል፤ ከተሰማ ወዲያውኑ ጋዙን ይቀንሱ።

ሞተሩ በደንብ ይነሳል፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግን ታፍኖ ይጠፋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይነሳል።

በመጀመሪያ የነዳጅ ጋኑን ክዳን ይመልከቱ። ክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር ብሎን ካልተከፈተች ቤንዚኑ በተቀነሰ ቁጥር ጋኑ ውስጥ አየር ስለማይተካ ፖምፓው መሳብ ያቅተዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በቱቦው መሃል ያለው የላስቲክ ኳስ ተጨምቆ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ክዳኑ ሲላላ ደግሞ «ፍስስ» ብሎ አየር ይገባል። ለመጓጓዣ ብለው ብሎኑን ዘግተው ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይክፈቱ። ጋኑ ጠፍቶ ቱቦው በቀጥታ ጄሪካን ውስጥ የተነከረ ከሆነም ጄሪካኑ አየር ማግኘቱን፣ የቱቦውም ጫፍ ውሃና ዝቃጭ ካለበት ወለል ከፍ ማለቱን ያረጋግጡ።

ኳሱ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት። ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ጠንክሮ መቆም አለበት፤ ሁልጊዜ ለስላሳ ሆኖ ከቀረ የሆነ ቦታ አየር እየሳበ ነው ወይም ውስጡ ያለው ቫልቭ አርጅቷል።

ካንዴላውን አውጥቼ ሳየው ምን ይነግረኛል?

ብዙ ነገር። ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ በጉዞ ፍጥነት ነድተው በድንገት ያጥፉትና ካንዴላዎቹን አውጥተው በየሲሊንደራቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው በዝቅተኛው ዙር) ቆይቶ የወጣ ካንዴላ ሁልጊዜ ጥቁር ስለሚሆን ትክክለኛውን አይናገርም።

የቡና ወተት የመሰለ ቡናማ ደህና ነው። ጥቁርና በዘይት የራሰ ከሆነ ዘይት በዝቷል፣ ወይም ያ ሲሊንደር እሳት አያገኝም። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ በዝቷል፦ ቾኩ (ለማስነሳት አየሩን የሚዘጋው) ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ወይም ጂግለሩ (የካርቡሬተሩ የቤንዚን መለኪያ ቀዳዳ) ትልቅ ነው። ነጭ ሆኖ የነፈረ ወይም የተቃጠለ ከመሰለ ሙቀት በዝቷል፤ ቤንዚን አንሷል፣ ወይም የማቀዝቀዣው ውሃ አይዞርም። በጣም የሚያሳስበው ነጩ ሸክላ ላይ የሚታዩ እንደ አሸዋ የደቀቁ የብር ቀለም ነጠብጣቦች ናቸው። እነሱ ከፒስተኑ የቀለጠ አልሙኒየም ናቸውና ሞተሩ ሳይፈታ መነሳት የለበትም። የውሃ ጠብታ ወይም ዝገት ካለ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይመረመር።

አንዱ ካንዴላ ደህና፣ ሌላው ርጥብ ከሆነ ችግሩ የጄሪካኑ አይደለም፤ ድብልቁ ለሁለቱም አንድ ነው። ይህን ማወቅ ብቻውን ግማሹን የፍለጋ ሥራ ያስቀራል።

ካንዴላ ቶሎ ቶሎ ይጠቁርብኛል። የበለጠ የሚሞቅ ካንዴላ ላስገባ?

መጀመሪያ ከፍታውን ያስቡት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ጠለል ተስተካክሎ የመጣ ካርቡሬተር ግን የሚለቀው የቤንዚን መጠን ያው ስለሆነ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። መፍትሔው በአምራቹ የከፍታ ሰንጠረዥ መሠረት ዋናውን ጂግለር በትንሹ ማሳነስ ነው። ከሰንጠረዡ ውጭ በግምት ማሳነስ ሞተሩን ያደርቀዋል፣ ፒስተኑንም ያቃጥላል። ከአንድ አምስተኛው የጉልበት መቀነስ ግን ጂግለር ቀይሮም ማምለጥ አይቻልም፤ ሞተሩ በሙሉ ጋዝ የተመደበለትን ዙር ካልደረሰ ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ያነሰ ፕሮፔለር ይገጠምለት።

ካንዴላውን በተመለከተ፣ በካንዴላ አምራቹ በኤንጂኬ አሰያየም ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው የበለጠ ሙቀት ይይዛል፤ ማለትም ቢ6ኤችኤስ ከቢ7ኤችኤስ ይሞቃል። ሞቃቱ ካንዴላ ጥላሸቱን ስለሚያቃጥል ሚኒሞ ላይ መዳን ይመስላል። ከዘጌ ሲመለሱ ሙሉ ሰው ጭነው በሙሉ ጋዝ ሲነዱ ግን ጫፉ ፍም ይሆንና ከጊዜው በፊት ያቀጣጥላል። ስለዚህ ለሞተርዎ የታዘዘውን ቁጥር አይቀይሩ። ክፍተቱንም ልብ ይበሉ፦ በስሙ መጨረሻ ላይ 10 የሚል ያለበት 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ነው፣ ከሌለው ግን ያነሰ ነው፤ ሱቁ «ያው ነው» ብሎ ቢሰጥዎትም አንድ አይደሉም። አዲስ ካንዴላ በጣት እስኪቆም ተጠምዝዞ በቁልፍ ግማሽ ዙር ብቻ ይጠበቃል።

መቆራረጡ ከነዳጅ ነው ወይስ ከእሳት? ሳልፈታ እንዴት ልለይ?

ሞተሩ እየተቆራረጠ እያለ አንድ ሰው የላስቲኩን ኳስ በተከታታይ ይጭመቅ። ሞተሩ ወዲያውኑ ካገገመ ነዳጁ እየደረሰ አይደለም፦ ቱቦ፣ ፊልትሮ፣ የአየር ብሎን ወይም የነዳጅ ፖምፓው ስስ ላስቲክ ነው። ጭራሽ ከታፈነ ቤንዚን እየሞላበት ነው፤ የካርቡሬተሩ ተንሳፋፊና መርፌ ይታዩ። ምንም ለውጥ ከሌለው ወደ እሳቱ ይሂዱ፣ ወይም ጂግለሩ ተደፍኖ እንደሆነ ይመልከቱ።

እሳቱን ለማየት የነዳጅ ቱቦውን ነቅለው፣ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ ጠርገው፣ ተኑ እስኪወጣ ጠብቀው፣ ካንዴላውን ከካፑ ጋር የሞተሩ ብረት ላይ አጥብቀው አስነክተው የማስነሻ ገመዱን ይሳቡ። ከካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን ተረጭቶ ሊቀጣጠል ስለሚችል ብልጭታውን ከቀዳዳው ያርቁት። ሰማያዊና «ጧ» የሚል ብልጭታ ደህና ነው፤ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ደካማ ነው። ጭራሽ ከሌለ ሌላውን ሁሉ ከመፍታት በፊት የማጥፊያው ገመድ ቦታው ላይ መሰካቱን ያረጋግጡ። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ካፕ መንቀል ግን የቆየ ልማድ ቢሆንም ይቅር፤ ሰውን በኃይል ይነዝራል፣ መውጫ ያጣው ኤሌክትሪክም ሲዲአዩን (ብልጭታውን የሚያዘውን የኤሌክትሪክ ሳጥን) ወይም ቦቢናውን (ኤሌክትሪኩን ለብልጭታ የሚያጠነክረውን ጥቅል) ይገድላል።

ቀስ ሲል ይንተፋተፋል፣ ጋዝ ስሰጠው ግን ይስተካከላል። የጓደኛዬ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

የእርስዎ የሚኒሞ መንገድ ችግር ነው። ድብልቁ ለወራት ካርቡሬተር ውስጥ ሲቆም ቤንዚኑ ይተናል፣ ዘይቱ ሙጫ ሆኖ ይቀራል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚደፈነው ደግሞ ቀጭኑ የሚኒሞ ቀዳዳ ነው። ክረምቱን ቆሞ ጥቅምት ላይ የሚነሳ ሞተር ሁሉ ይህ ያጋጥመዋል። ካርቡሬተሩን ፈትተው በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ይንፉት፤ በሽቦ አይውጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ አይመለስም። የሚኒሞ ብሎኑን ከመንካትዎ በፊት እስኪቆም ድረስ ሲጠብቅ ስንት ዙር እንደዞረ ቆጥረው ይጻፉ።

የጓደኛዎ ዋናው ጂግለር፣ የነዳጅ አቅርቦቱ ወይም በጭነት ጊዜ የሚደክም እሳት ነው። ሞተሩን ከአንድ ወር በላይ ካቆሙት የነዳጅ ቱቦውን ነቅለው ቤንዚኑ እስኪያልቅ ያሠሩት፤ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንጂ በደረቅ አይሁን፣ የውሃ ፖምፓው ላስቲክ በአጭር ጊዜ ይቃጠላል።

ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ይህም መቆራረጥ ነው?

አይደለም። ፕሮፔለሩ መሃል ያለው ላስቲክ ከእምብርቱ ተላቆ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። በእምብርቱና በውጨኛው ክፍል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምረው በሙሉ ጋዝ ነድተው ይመልሱት፤ መስመሩ ከተሰበረ ላስቲኩ አልቋል። እምቦጭ ወይም የዓሣ መረብም ተጠምጥሞ እንደሆነ ይመልከቱ። እምቦጭ የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያውን ከደፈነው ደግሞ ከሞተሩ ጎን በቀጭኑ የምትፈሰው ውሃ ትቆማለች፤ እሷ ስትቆም ሞተሩ ይጥፋ።

ሲቀዘቅዝ ደህና ነው፣ ግማሽ ሰዓት ከሄደ በኋላ ብቻ ይቆራረጣል። ቤንዚኑን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ።

ሲሞቅ ብቻ የሚመጣ ሕመም በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ነው። የቦቢና ወይም የስታተር (ከበራሪው ጎማ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው) ጥቅል ሲሞቅ ውስጡ ይላቀቃል፣ ሲበርድ ይገናኛል፤ ለዚህ ነው ጋራዥ ደርሶ ሲመረመር ጤነኛ የሚመስለው። ስለዚህ ወደብ ላይ እንደደረሱ፣ ትኩስ ሳለ ብልጭታውን ይዩ። ባለ ሁለት ሲሊንደር ከሆነና ለየሲሊንደሩ የተለየ ቦቢና ካለው ሁለቱን ቦታ ያለዋውጧቸው፦ ሕመሙ ወደ ሌላው ሲሊንደር ከተሻገረ ቦቢናው ነው፣ እዚያው ከቀረ ካንዴላውን፣ ካፑንና ወደ ሲዲአዩ የሚሄዱትን ሽቦዎች ይፈትሹ። ትርፍ ቦቢና በእጅዎ ሳይኖር ገንዘብ ሳያወጡ የሚደረግ ፈተና ነው፤ በአንድ ጊዜ ግን ከአንድ ዕቃ በላይ አይቀይሩ፣ ምን እንዳዳነው አይታወቅም።

ጣና መሃል ላይ ቢጠፋብኝ ምን ላስቀድም?

ከሁሉ በፊት መልሕቅ ይጣል። የጣና ጥልቀት በጣም ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ ስለማያልፍ 30 ሜትር ገመድ ያለው መልሕቅ በአብዛኛው ቦታ ይይዛል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ጀልባውን በጎኑ ለማዕበል እንዳይሰጠው አፍንጫው ወደ ነፋሱ ይዙር፤ ተሳፋሪ ይቀመጥ፣ የሕይወት ጃኬቱን ይልበስ። ከዚያ በቅደም ተከተል፦ የማጥፊያ ገመድ፣ የአየር ብሎን፣ ኳሱ፣ ካንዴላ። በቤንዚን ከታፈነ ቾኩን መልሰው፣ ጋዙን ሙሉ ከፍተው አምስት ስድስት ጊዜ ይሳቡት፤ ሞተሩ ሲይዝ ጋዙን ወዲያውኑ ይቀንሱ። ሁለት አዲስ ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴና መቅዘፊያ የሌለው ጀልባ ከወደብ ባይወጣ ይሻላል።

ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ተሞልቶ ጥቂት ሄደ፣ ጮሆ ቆመ። ሲበርድ ተነሳ። አሁን ደህና ነው?

መነሳቱ ደህንነቱን አያሳይም። ፒስተኑ ግድግዳውን ልጦ ፋሻው በቦታው ተጣብቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ስለሚያጣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው መቆራረጥ በካንዴላም በጂግለርም አይድንም። ድብልቅ ዘይት እንደገና ጨምሮ መቀጠል ጉዳቱን ያሰፋዋል።

የኮምፕሬሽን ጌጅ ያስገቡ። ሁለቱንም ካንዴላ አውጥተው፣ ካፖቹን ከብረቱ ጋር አስረው፣ ጋዙን ሙሉ ከፍተው መርፌው መውጣት እስኪያቆም ገመዱን ይሳቡ። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ የሁለቱ መቀራረብ ይታያል፤ አንዱ ከሌላው ከ10 በመቶ በላይ ካነሰ ቴስታታው ይፈታ። ጌጅ ከሌለ የጭስ መውጫውን ክዳን ፈትተው በባትሪ ፒስተኑን በጎኑ ይመልከቱ፦ ከላይ ወደ ታች የተጫረ መስመር ካለ ሲሊንደሩ ይለካል፣ ወይ ተሞርዶ በአንድ ቁጥር የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል፣ ወይ ይቀየራል።